በሴቶች በር

ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን የምስመው የአያቴን ነጠላ ጫፍ ይዤ፣ በደቡቡ በር፣ በሴቶቹ በኩል ነበር። አገራችን ዘጌ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ብዙዎቹ የጣና አድባራት ክብ ሲሆን መሐሉ ላይ አራት ማዕዘን መቅደስ ቆሟል። ካህናትና ዲያቆናት ካልሆኑ ማንም አይገባበትም፤ መዝጊያው ሲከፈት እንኳ የሚታየው መጋረጃ ነው። ስለዚህ ለእኔ መቅደስ ማለት ያ በሥዕል የተሸፈነ የደቡብ ግድግዳ ብቻ ነበር።

ሥዕሉ ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ሸማ ላይ ነው የተሣለው። አንዱ ጠርዙ ተልጦ ስለነበር ቅዳሴው ሲረዝምብኝ በጣቴ እነካካዋለሁ፤ አያቴም «ተው አንተ!» ትለኛለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል።

የእመቤታችን ስደትም ተአምሯም እዚያው ነበር። እኔ የምወደው ግን በላዔ ሰብእን ነው። 78 ነፍስ በልቶ፣ በስሟ ለለመነው ድሃ በሰጠው ጥርኝ ውሃ የዳነው ሰውዬ! በአገራችን ሥዕል ደግ ሰው በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ ክፉ ግን በጎን ስለሚሣል አንድ ዓይን ነው ያለው። የእኛው ሠዓሊ በላዔ ሰብእን ሲበላ አንድ ዓይን፣ ውሃ ሲሰጥ ሁለት ዓይን አድርጎታል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሥዕል አይቻለሁ፤ እንደዚያ ሠዓሊ ብልህ ግን አላጋጠመኝም።

አንድ የካቲት 16፣ ለኪዳነ ምሕረት፣ አጎቴ «አሁንማ ጎረመስክ፤ ከሴቶች ጋር አትቆምም» ብሎ በሰሜኑ በር ይዞኝ ገባ። ሌላ ደብር የገባሁ መሰለኝ! ግድግዳው ፈረሰኛ ብቻ ነው። ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ዘንዶውን ይወጋል፤ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ከሃዲውን ንጉሥ ዑልያኖስን። አጎቴ አናጢ ስለነበር ለሥዕሉ ግድ የለውም፤ ቀና ብሎ ጣራውን ያሳየኛል። የውጪው ክብ ግድግዳ የክዳኑን ዳርቻ ብቻ ነው የሚይዘው፤ መሐሉን፣ ጉልላቱን ከነሰጎን እንቁላሉ የተሸከመው መቅደሱ ነው። «ይኼ ባይወፍር ኖሮ ሁላችንም ላይ ነበር የሚወርደው» አለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ለአያቴ ስለ ፈረሶቹ አወራሁላት። ክርስትና የተነሣችው እዚያው፣ የተዳረችውም እዚያው ነው፤ ወደ ሰሜኑ በኩል ግን ዞራ አታውቅም። እስክጨርስ አዳምጣኝ፣ «ዑልያኖስን ስንት ዓይን ሰጡት?» ብላ ጠየቀችኝ።