ቡችላዬን ይዤ ሱቅ ብገባ

ከአንድ ወዳጄ ሁለት ወር ያለፋት ቡችላ ተሰጠችኝ። ቡችላ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ያየውን ሰውና የሰማውን ድምፅ በቀላሉ ይለምዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን እንግዳ ነገር ያስፈራዋል፤ የፈራ ውሻ ደግሞ ይነክሳል። ይህን አንብቤ ስለ ነበር ቸኰልኩ። ክትባቷ ስላላለቀ መሬት ሳላስረግጣት፣ ካፖርቴ ውስጥ ሸጉጬ ፒያሳ ወጣሁ።

መጻሕፍት መደብር ውስጥ ሳቁልኝ፤ የቡና ቤቱ አሳላፊ ጆሮዋን ዳበሰልኝ። አፈርኩ ብል ውሸት ነው፤ ኰራሁ።

ወደ ሰፈሬ ስመለስ ሳሙና ልገዛ ከሱቅ ገባሁ። ዳቦ ሊገዛ የመጣ አንድ ትንሽ ልጅ፣ አፍንጫዋ ከካፖርቴ ብቅ ሲል አየና ጮኾ ከባንኮኒው ኋላ ተወሸቀ። ባለሱቁም፣ «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ያስወጧት፤ ይህ ልጅ አምና ውሻ ነክሶት መርፌ ሲወጋ የከረመ ነው» አሉኝ።

ምን እመልሳለሁ? የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ ወዲያ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፤ ሰውን የሚያተርፈው ሳይውል ሳያድር የሚሰጠው ክትባት ነው። ይህንንም ሉዊ ፓስተር በ1885 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠው ውሻ ለነከሰው ልጅ ነበር። እኔ ፓስተርን በመጽሐፍ ዐውቀዋለሁ፤ ልጁ ግን በመርፌው።

ከዚያ ወዲህ ከደጅ ቆሜ እጠራለሁ፤ ባለሱቁም ዕቃዬን አውጥተው ይሰጡኛል። ትናንት ልጁ ዳቦውን ታቅፎ ሲወጣ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆመና፣

«ስሟ ማን ነው?» አለኝ።

ስም ገና አላወጣሁላትም ነበር።