«እንደ በቀቀን አትድገሚ!»

ባዕድ አገር ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ የስልኩን ነገር ታውቁታላችሁ። እኛ እሁድ እሁድ ከለንደን አዲስ አበባ ላለችው እናቴ እንደውላለን። የሰባት ዓመቷ ልጄ ስልኩን ትቀበልና «ደህና ነሽ እማማ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። በየሳምንቱ ያችኑ! እናቴ ሌላ ነገር ከጠየቀቻት ስልኩን ወደ እኔ ትገፋዋለች። አንድ ቀን አላስችል አለኝና «ምን እንደ በቀቀን ትደግሚያለሽ!» ብዬ ተቆጣኋት።

«በቀቀን ምንድን ነው?» አለች። «ፓሮት» አልኳት። ትንሽ አሰብ አድርጋ «ታዲያ አንድ ግዢልኛ! አብረን አማርኛ እንማራለን» አትለኝም መሰላችሁ? ሳቄም መጣ፣ አፈርኩም።

እውነት ለመናገር ልገዛላት ዳር ዳር ብዬ ነበር። ከመግዛቴ በፊት ግን ስለ ወፉ አኗኗር ማንበብ ጀመርኩ። አብዛኞቹ በቀቀኖች በዱር ብቻቸውን አይኖሩም። በመንጋ ሆነው ምግብ ፍለጋ ይወጣሉ፣ ሲመሽ ተሰብስበው ያድራሉ፣ እንቁላላቸውን ብዙውን ጊዜ የዛፍ ሽንቁር ውስጥ ይጥላሉ። ቀኑን ሙሉ ሲጠራሩ ይውላሉ፤ ድምፅ የመቅዳት ችሎታቸውም የሚጠቅማቸው እርስ በርስ ለመግባባት ነው።

በጣም የገረመኝን ልንገራችሁ። እንደ ፈረንጆች በ2011 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ካርል በርግና ባልደረቦቹ፣ ቬኔዙዌላ ውስጥ በዱር ስለሚኖሩ ትንንሽ አረንጓዴ በቀቀኖች ያጠኑትን አሳተሙ። ጎጆአቸውን በቪዲዮ ሲከታተሉ፣ ጫጩቶቹ ገና መጣራት ሳይጀምሩ ወላጆቻቸው ለየአንዳንዳቸው የተለየ ጥሪ ያሰማሉ። ጫጩቷም ጥሪዋን ተቀብላ፣ ትንሽ ለወጥ አድርጋ የራሷ ታደርገዋለች። ስም ማውጣት በሉት። እንቁላሎቹ ከጎጆ ጎጆ ሲቀያየሩ ደግሞ፣ ጫጩቶቹ የያዙት የወለዷቸውን ሳይሆን ያሳደጓቸውን ወፎች ጥሪ ነበር።

ሰው ቤት ያለ በቀቀንም የእኛን ቃል የሚደግመው መንጋው እኛ ስለሆንን ነው። ሌላ የሚያናግረው የለውማ! ንግግር በመቅዳት የታወቀው የአፍሪካው ግራጫ በቀቀን ደግሞ ለገበያ ብዙ ስለተለቀመ፣ ከዱር የተያዘውን በዓለም አቀፍ ደረጃ መነገድ እንዲከለከል አገሮች በ2016 ተስማምተዋል። ይህን ሁሉ ሳነብ ወፉን መግዛቱን ተውኩት። ያስጨነቀኝ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለልጄ ከሰላምታ ሌላ ምን አማርኛ አሰምቻታለሁ? «ጫማሽን አድርጊ»፣ «ቶሎ በይ»፣ «ብዪ» . . . እሷማ የሰማችውን ነው የደገመችው።

ቅዳሜ ፓርክ ወሰድኳት። ለንደን ያላችሁ እየጮኹ የሚበሩትን ጅራተ ረጃጅም አረንጓዴ ወፎች ታውቋቸዋላችሁ። ከሰው ቤት ያመለጡና የተለቀቁ በቀቀኖች ዘር ናቸው፤ እዚህ መራባት ከጀመሩ 50 ዓመት አልፏቸዋል። አገር ቤትም የራሳችን አለን። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዱር የትም የማይገኝ ትንሽዬ አረንጓዴ በቀቀን አለ፤ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፣ የሴቷ ግን አረንጓዴ። የሾላና የጥድ ፍሬ ይበላል፣ አዲስ አበባ ውስጥም ይታያል። ይህን ሁሉ እንደ ተረት በአማርኛ ነገርኳት።

በማግስቱ ስልኩን ተቀብላ ያችኑ ሰላምታዋን አለች። ከዚያ ግን ስልኩን አልገፋችውም። «እማማ፣ እዛ አረንጓዴ ወፍ አለ? ራሱ ቀይ?» አለች። «ራሱ» ስትል ግንባሩን ማለቷ ነው።

እናቴ ለአፍታ ዝም አለች። ከዚያ «አለ እንጂ የኔ ሆድ! ሾላው ሲበስል ይመጣሉ። ቆይ ልንገርሽ . . .» ብላ ጀመረች። ሃያ ደቂቃ አወሩ። ግማሹን እንዳልገባት አውቃለሁ፤ ስልኩን ግን አልመለሰችልኝም።

እናንተስ፣ ከልጆቻችሁ ጋር ከ«ብላ» እና ከ«ተኛ» ሌላ በአማርኛ ምን ታወራላችሁ?