ሳትስቢ አትንኪ

በእኛ ቤት የአጎቴ ካሜራ ሁለት ሕግ ነበረው። ማንሻውን ሳይስቡ የፍጥነቱን ቁልፍ ማዞር ክልክል ነው። ሌንሱን ሳይከድኑ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥም ክልክል ነው። ሌላው ሁሉ ይቻላል፤ ፊልም ካለ ማለቴ ነው።

አጎቴን ጋሼ ነው የምንለው። ካሜራውን ይዞት የመጣው ሶቪየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ነው፤ ዞርኪ 4ኬ ይባላል፣ ሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ ከተማ የተሠራ። የዞርኪ ዘር ከጀርመኑ ላይካ ይመዘዛል። በ1948 መመረት ሲጀምር የላይካ 2 ቅጂ ሆኖ ነበር የወጣው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ለእኔ ቡናማ የቆዳ ማኅደር ውስጥ የሚኖር፣ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ወደ ፊት የሚጎትት ብረት ነበር።

ሕጎቹ የጋሼ አመል ብቻ አልነበሩም። ዞርኪ ሳይሳብ ፍጥነቱ ከተነካ የውስጥ ዕቃው ቦታውን ስቶ ሊበላሽ ይችላል፤ ከተሳበ በኋላ ግን እንደ ልብ ይዞራል። የፀሐዩም ነገር እውነት ነው። በዚህ ዓይነት ካሜራ ከሌንሱ ጀርባ መስታወት የለም፣ መዝጊያውም የጨርቅ መጋረጃ ነው። ሌንሱ ክፍቱን ፀሐይ ላይ ከዋለ፣ ልጆች በአጉሊ መነጽር ወረቀት እንደሚያቃጥሉት መጋረጃውን ይበሳዋል። ከዚያ ወዲህ የሚነሣው ፎቶ ሁሉ ነጭ ነጠብጣብ ይዞ ይወጣል።

ጋሼ ይህን ስለሚፈራ ክዳኑን ከሌንሱ ላይ አይለይም ነበር። ክዳኑ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በሬንጅፋይንደር ካሜራ ዓይናችን የሚያየው በሌንሱ በኩል ሳይሆን ከላይ በጎን በኩል ባለች ትንሽ መስኮት ነው፤ ሌንሱ ተከድኖም መስኮቷ ብሩህ ናት። የአክስቴ የቀለበት ዕለት ጋሼ ሽማግሌዎቹን፣ እጮኛሞቹን፣ ዳቦው ሲቆረስ፣ ሁሉንም «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ» እያለ አነሣ። ፊልሙ ታጥቦ ሲያልቅ ፒያሳ ያለው የፎቶ ቤቱ ሰውዬ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያዘው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርት ብሎ ወዲያ ማዶ ያሳያል። «ይሄ እኮ ብርሃን የሚባል አልነካውም» አለው። አክስቴ ልጆቿን ድራም ያንን ፊልም ታነሣበታለች።

ጋሼ ፎቶ ማንሳት ያስተማረኝ ግቢያችን ውስጥ፣ ፊልም በሌለበት ካሜራ ነው። ካሜራው ወደ ዓይኔ ከመምጣቱ በፊት መልስ መስጠት ነበረብኝ። «እናትሽ እዚያ ልብስ ታሰጣለች። ስንት ሜትር ይሆናል?» ይለኛል። «አራት።» «ሂጂ ለኪው።» በእርምጃ እየለካሁ እሄዳለሁ፤ እማዬ «ምን ሆናችኋል እናንተ?» ትላለች። ለብርሃኑ ደግሞ መለኪያችን ሰማዩ ነበር። ፊልሙ ባለ 100 ከሆነና የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ምንም ካልጋረደው፣ ፍጥነቱ 125፣ ዲያፍራሙ (ቁጥሩ ሲያንስ የሚሰፋው የሌንሱ ቀዳዳ) 16። ደመና ከሆነ 8። ጥላ ውስጥ 5.6 ወይም 4። የጋሼ ሌንስ፣ ጁፒተር 8 የሚባለው፣ የዲያፍራም ቀለበቱ ጠቅ ጠቅ እያለ የሚቆም ዓይነት አይደለም፤ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። በጣት ዳሰሳ የት እንደደረሰ ስለማይታወቅ አስቀድሞ አይቶ ማስተካከል ግድ ነው። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚቀረው፣ በመስኮቷ መሀል ድርብ ሆኖ የሚታየው ምስል አንድ እስኪሆን ሌንሱን ማዞርና መጫን ብቻ ነው።

ወደ አሜሪካ ስመጣ ጋሼ ሌንሱን ፈትቶ በካልሲ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ካሜራው በዚያን ጊዜ መጋረጃው ተበስቶ ነበር። ማን ፀሐይ ላይ እንደተወው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ቤተሰቡ እርስ በርሱ ይጠራጠራል።

ዋሽንግተን አካባቢ ያ ሌንስ ከነካልሲው መሳቢያ ውስጥ ዓመታት ከረመ። እኔም እንደማንኛውም ሰው ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ገዝቼ የልደቱን፣ የክርስትናውን ሁሉ አነሣ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ያገለገለ ካሜራ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ፣ መስታወት ሥር፣ አናቱ ላይ ማንሻ ያለው ካሜራ አየሁ። የፊልም መስሎኝ ነበር። ስሙን ሳነብ ኤፕሰን ይላል። ኤፕሰንን የማውቀው በፕሪንተር ነው።

አር ዲ 1 ይባላል። በ2004 የወጣ ሲሆን ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው ዲጂታል ሬንጅፋይንደር ነው፤ ላይካ የራሱን ኤም 8 ያወጣው ከዚያ በኋላ በ2006 ነው። አካሉን የሠራለት ኮሲና የሚባለው የጃፓን ካሜራ ሠሪ ነው። ሴንሰሩ 6 ሜጋፒክስል ብቻ ነው፤ ዛሬ ርካሽ ስልክ እንኳ ይበልጠዋል። አዲስ ሳለ ወደ 3,000 ዶላር ይሸጥ ነበር። ሻጩ አውጥቶ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የያዘኝ አናቱ ላይ ያለው ሰሌዳ ነው። እንደ ስክሪን የሚበራ ቁጥር የለበትም፤ እውነተኛ ቀስቶች ናቸው። ትልቁ ቀስት ካርዱ ላይ ስንት ፎቶ እንደቀረ ያሳያል፣ ትንንሾቹ የባትሪውን፣ የምስሉን ጥራትና የነጭ ሚዛኑን። ካሜራው ሲጠፋ ቀስቶቹ ይተኛሉ፣ ሲበራ ብድግ ይላሉ። ሻጩን አስፈቅጄ ደጋግሜ አበራሁ፣ አጠፋሁ።

ዲጂታል ካሜራ የሚጠቀለል ፊልም የለው፣ ማንሻ ምን ይሠራለታል ይባል ይሆናል። የዚህኛው ጌጥ አይደለም። መዝጊያውን የሚወጥረው እሱ ስለሆነ ካልተሳበ አያነሣም። አውራ ጣቴን ልኬ ስስበው እጄ ራሱ ግቢያችንን አወቀው፤ የፍጥነቱን ቁልፍ ከመንካቴ በፊት ነበር የሳብሁት። እዚህኛው ላይ እንዲያ ማድረግ አያስፈልግም። ግን ማን ይሰማል!

ሌንሱን ለመግጠም አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያላት ቀለበት ትበቃለች። የጋሼ ሌንስ በጥርስ የሚጠመዘዝ የድሮ ዓይነት ነው፣ ካሜራው የሚቀበለው የላይካ ኤም ዓይነት፤ ቀለበቷ ሁለቱን ታስታርቃለች። ሴንሰሩ ከፊልም ያነሰ ስለሆነ 50 ሚሊሜትሩ የ75 ያህል ጠባብ ያያል። መስኮቱ ግን ዓለምን በልኩ ነው የሚያሳየው፤ አያሳንስም። ሁለቱንም ዓይኔን ገልጬ ሳይ መንገዱ እንዳለ ነው፣ መሀሉ ላይ ነጭ ክፈፍ ተንሳፍፎ ይታየኛል። ሰው ወደ ክፈፉ ከመግባቱ በፊት ይታያል። ይህንን ስልክ አይሰጥም፤ ውድ የሚባለው ዲጂታልም ብዙ ጊዜ አይሰጥም።

ከሁሉ የወደድሁት ግን ጀርባውን ነው። ስክሪኑ በማጠፊያ ተገልብጦ ፊቱን ወደ ውስጥ ያደርጋል፤ ያኔ ካሜራው ከኋላ የፊልም ካሜራ ነው። እንዲያ አድርጌ ነው ከሱቁ የወጣሁት። ላይካ ስክሪን አልባውን ኤም ዲ በ2016 ሲያወጣና ወደ 6,000 ዶላር ሲጠራበት ሳቄ መጣ። ስለሌለው ነገር ያን ያህል!

በፊልም ልማድ ዲጂታል ማንሳት ግን ሁሉም ነገር ይሻገራል ማለት አይደለም። ጋሼ «ብርሃኑ ሲያጠራጥርሽ ጨምሪበት» ይለኝ ነበር፤ ኔጌቲቭ ፊልም ትርፍ ብርሃን ይችላላ። ዲጂታል ላይ ነገሩ ግልብጥ ነው። ይህን ያየሁት የማርያም ዕለት፣ ቅዳሴ አልቆ ሰው ወደ ግቢው ሲወጣ ነው። እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው በፀሐይ ቆመዋል። ነጩ ካለፈ አለፈ፤ የጥለቱም ሆነ የጨርቁ ሽመና ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ይሆናል፤ ኮምፒዩተር አይመልሰውም። ጥላ ውስጥ ያለ ፊት ግን ይመለሳል። ስለዚህ ለነጠላው እየቆጠብሁ ማንሳት ያዝሁ።

የጋሼ ሰማይ ግን እዚያም አገለገለኝ። ካሜራው ራሱ ይለካ ብዬ ብተወው ነጠላ የለበሰች እናት ስትመጣ «ብርሃን በዛ» ብሎ ፊቷን ያጨልመዋል፣ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰው ሲመጣ «አነሰ» ብሎ ያነጣዋል። ሁለቱም አንድ ፀሐይ ሥር ናቸው። ብርሃኑ ካልተለወጠ ቁጥሩ ለምን ይለወጣል? አንዴ በሰማዩ ልክ አስተካክዬ እተወዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሥራዬ ሰዎቹን ማየት ብቻ ነው።

ርቀቱም ላይ እንዲሁ የሚታረም ነገር አለ። በ35 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ዲያፍራም 8 ላይ፣ 3 ሜትር ላይ አድርጎ መተው የድሮ ብልሃት ነው። በፊልም ከሁለት ሜትር ትንሽ ቀረብ ካለው ጀምሮ እስከ ሰባት ገደማ ያለው ይጠራል። ሌንሱ ላይ የተቀረጹት መስመሮችም የሚሉት ይህንኑ ነው፣ ግን የተቀረጹት ለፊልም መጠን ነው። በአነስተኛው ሴንሰር ሲሆን ከሁለት እስከ አምስት ሜትር ነው የሚታመነው። 8 ላይ ሆኖ የ5.6ን መስመር ማንበብ ይሻላል።

አንዳንድ የፊልም ወዳጆች ዲጂታል ይዘው «በቀን 36 ብቻ» እያሉ ራሳቸውን ይቀጣሉ። እኔ ይህ ጨዋታ አይገባኝም። እኛ ቤት ፊልም የሚቆጠበው ስለሌለ ነበር፤ ስለሌለ ያልተነሡ ሰዎች አሉን፣ አያቴ አንዷ ናት። እጥረትን ጽድቅ የሚያደርገው ያላየው ነው። ከፊልም የወረስሁት ሌላ ነው፤ ከመጫን በፊት መወሰን፣ ከተጫነ በኋላ ደግሞ ወዲያው አለማየት። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ጋሪ ዊኖግራንድ ያነሣበትን ዕለት ስሜት እስኪረሳው ድረስ ፊልሙን ሳያጥብ ያቆይ ነበር። በ1984 ሲሞት ወደ 2,500 የሚጠጋ ጥቅል ሳይታጠብ ተገኝቷል። እኔ እስከዚያ አልሄድም። ካርዱን ከካሜራው አውጥቼ፣ ሥራ ገብቼ ወጥቼ፣ ሳምንቱ ሲያልቅ ነው የምከፍተው። ያኔ የምወደው ፎቶ ሳነሣው እርግጠኛ የነበርሁበት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ቀጥሎ ያለው ነው።

የዚያን የማርያም ዕለት ፎቶዎች ለጋሼ በቴሌግራም ላክሁለት። አንዲት እናት ልጃቸውን ደግፈው ደረጃ ሲወርዱ ያነሣሁት ፎቶ ላይ ቆመና ደወለ።

«በስንት ነው ያነሣሽው?»

ካሜራው ይህን አይጽፍም። ሌንሱ ብረትና ብርጭቆ ብቻ ስለሆነ ለካሜራው የሚነግረው ነገር የለውም፤ ፋይሉ ላይ ፍጥነቱ አለ፣ ዲያፍራሙ ባዶ ነው። «አራት መሰለኝ» አልሁት።

«የት አባቱ አራት! ከኋላ ያለውን አጥር አታይውም? ጠመዝማዛ ሆኖ ቀልጧል እኮ። ይሄ ሁለት ነው። ቢበዛ ሁለት ተኩል።»

«ጋሼ፣ ሁለት ላይ እንደሱ አይጠራም። ቀረብ ብሎ በሁለት ሲነሣ ከዓይን ይልቅ ጆሮ ነው የሚጠራው፤ የሩሲያ ሌንስና የላይካ ልክ ጥቂት ይለያያል።»

«ታዲያ ምን የጠራ መሰለሽ?»

ፎቶውን በኮምፒዩተሩ አጉልቼ አየሁት። የእኚያ እናት ዓይን ለስለስ ብሏል፤ የጆሮ ጉትቻቸው ግን ጥርት ያለ ነው።

«እሺ፣ ሁለት ይሁን» አልሁ።

«ሁለት ተኩል» አለኝ፤ ቀጥሎም ሌንሱን በካልሲ ነው ወይስ በምን እንደማስቀምጠው ጠየቀኝ።