አባቴ ለማን እጅ ነሳ?

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አባቴን ይዤ ወደ አንድ ቢሮ ሄድኩ። የቢሮውን ስም አልጠራም። ብጠራውም ምንም አይለወጥም፤ እያንዳንዳችሁ አንድ እንዲህ ያለ ቢሮ ታውቃላችሁ። አባቴ 72 ዓመቱ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በከዘራ እየተደገፈ ወርዶ፣ ሁለት ታክሲ ቀይሮ፣ ሦስት ሰዓት ያህል ተሰልፎ ተራው ደረሰ። መስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ልጅ ከሠላሳ አይበልጥም። ስልኩን ያያል።

አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ አደገደገ። ከዘራውን ለእኔ አቀበለኝና ለጥ ብሎ እጅ ነሳ።

«ጌታዬ፣ እንደምን አደሩ» አለ።

ልጁ ቀና አላለም። «ኮፒውስ?» አለ።

እኔ 44 ዓመቴ ነው። አባቴ ለሰው ሲያጎነብስ ያየሁት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ለሌላው አንባቢ ይህ ምንም ላይመስለው ይችላል፤ ሽማግሌ ሰው ሰላምታ አቀረበ፣ አለቀ። የእኛን ቤት ሕግ ስለማታውቁ ነው።

አባቴ የጭሰኛ ልጅ ነው፤ የአድአ ሰው። ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ የሚወስደውን የፍጥነት መንገድ ይዛችሁ ስትሄዱ ቢሾፍቱ ሳትደርሱ በስተቀኝም በስተግራም የምታዩት የጤፍ ማሳ ላይ ነው ያደገው። ማሳው የእነሱ አልነበረም። ባለመሬቱ በዓመት ሁለቴ ሦስቴ በበቅሎ ሲመጣ አያቴ መንገድ ድረስ ወጥቶ፣ ኩታውን አደግድጎ፣ የባለመሬቱን ጉልበት ይስም ነበር። ልጆቹም ተራ በተራ ጫማ ይስማሉ። አባቴ ጫማ የሳመው እስከ 22 ዓመቱ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ሲታወጅ ያቆመው ሌላ ነገር ሁሉ ቀርቶ ይህን ነው። «ከዚያ ወዲህ ወገቤ ለእርሻና ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው የሚታጠፈው» ይል ነበር። ደርግ በኋላ ምን እንዳደረገ እሱም ያውቃል፤ ወንድሙን በዘመቻ አጥቷል። ስለዚያች አንዲት ቀን ግን ክፉ አያናግርም።

ስለዚህ እኛ ልጆቹ የማንንም ጉልበት ስመን አናውቅም። ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ማለት አለ፣ «ኖር!» ማለት አለ፣ መጎንበስ ግን የለም። አባቴን እንኳ «አንተ» እንድንለው ያስለመደን እሱ ራሱ ነው። ዘመድ ሲሰማ ይደነግጥ ነበር፤ ሚስቴም ሙሽራ ሆና ስትገባ አፏ አልታዘዝ ብሏት ዓመት ሙሉ «አንቱ» ስትለው እሱ ደግሞ ዓመት ሙሉ ሲያርማት ኖረዋል።

ነገሩን የባሰ ያደረገው ደግሞ ከቢሮው አንድ ወር በፊት የሆነው ነው። የ13 ዓመት ልጅ አለችኝ፤ የአውሮፓ ነገሥታትን ጉዳይ ከትምህርቷ በላይ ትከታተላለች። ቲክቶክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የንጉሥ ቻርልስ ዘውድ ሲጫን ማን ለማን ሸብረክ እንዳለ፣ ማን እንዳላለ ትነግራችኋለች። ሴቶቹ አንዱን እግር ከሌላው ኋላ አሳልፈው ጉልበታቸውን ሸብረክ ያደርጋሉ፤ ወንዶቹ አንገታቸውን ብቻ ደፋ ነው፤ ወገብ አይነካም። አንድ ቀን ለአባቴ ቡና ስታቀብል ቀሚሷን በሁለት ጣቷ ይዛ ሸብረክ አለችለት። ቀልድ ነው። አባቴ ስኒውን አልተቀበለም። «ይህን ማን ነው ያስተማረሽ?» አላት። ቡናው ቀዘቀዘ። ልጅቷ አለቀሰች።

እንግዲህ እኔ እንደ አባት ልጄንም አባቴንም ለማስታረቅ ብዬ፣ ልጄ ከምታየው ነገር የተወሰነውን አብሬ አየሁ፤ አነበብኩም። ከጠበቅሁት በላይ የሚያስገርም ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የእንግሊዝ ጋዜጦች እንደዘገቡት፣ ንግሥት ኤልሳቤጥ ለቤተሰቧ ባወጣችው የቅደም ተከተል ዝርዝር መሠረት፣ ካትሪን ባሏ ዊልያም አብሯት ካለ ለልዕልት ቢያትሪስና ለልዕልት ዩጂኒ ሸብረክ ማለት የለባትም፤ ብቻዋን ከሆነች ግን አለባት። ጉልበቷ ከመታጠፉ በፊት ባሏ በክፍሉ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ይጠይቃል ማለት ነው። የእኛም አገር የደጃዝማች ሚስት ይህን ሒሳብ በደንብ የምታውቅ ይመስለኛል።

ይህ በቤተሰቡ ውስጥ ነው። ለውጭ ሰው ግን ያው ቤተ መንግሥት ራሱ በይፋ የሚለው፣ ከንጉሡ ጋር ስትገናኙ ግዴታ የሆነ ሥርዓት የለም፣ ልማዱን መጠበቅ የሚፈልግ ግን እንዲህ ያደርጋል ነው። ግዴታ የለም! እ.ኤ.አ. በ1992 የአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር የፖል ኪቲንግ ሚስት አኒታ ለንግሥቲቱ ሸብረክ ሳትል ቀረች። ጋዜጦች ጮኹ። ከጩኸቱ በቀር የደረሰባት ነገር የለም፤ ቤቷን አላጣችም፣ ፋይሏ አልጠፋም፣ «ነገ ተመለሺ» አልተባለችም። በተቃራኒው ቴሬሳ ሜይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳለች ጉልበቷ መሬት ሊነካ ምንም እስኪቀረው ሸብረክ ስትል የአገሯ ሰው ሳቀባት። ባራክ ኦባማ እ.ኤ.አ. በ2009 ቶኪዮ ላይ ለንጉሠ ነገሥት አኪሂቶ ጎንበስ ሲል ደግሞ ተቃዋሚዎቹ አገሩን አዋረደ አሉት። ማጎንበስም አለማጎንበስም ወሬ ነው። እንጀራ አይደለም።

እኛ ጋ እንጀራ ነበር። የጃንሆይን ዘመን የሚያስታውሱ ሰዎች የሚነግሩን አንድ ዓይነት ነው፦ ግቢ የገባ ሰው ለጥ ብሎ እጅ ነስቶ ይቀርባል፤ ሲወጣም ጀርባውን ለዙፋኑ ሳያዞር፣ ፊቱን ወደ ንጉሡ እንዳደረገ ወደ ኋላ እየተራመደ ነው። ባለ አቤቱታ መንገድ ዳር ተደፍቶ መኪናቸውን ይጠብቃል። ጥር 1957 መጨረሻ ላይ ንግሥት ኤልሳቤጥ አዲስ አበባ መጥታ፣ ጢስ ዓባይንና ጎንደርን፣ አሥመራንም ጎብኝታ ስትመለስ፣ ሁለቱ ዘውዶች እርስ በርስ የሚሰጣጡት እጅ ነው፤ ንጉሥ ለንጉሥ ይጨባበጣል እንጂ አያጎነብስም። ማጎንበሱ ለሌላው ነው። አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው በቮልስዋገን ተወሰዱ።

ከዚያ ግቢ የወጣ አንድ ሰው ታሪክ ከሁሉም ይገርመኛል። ልጅ አስፋወሰን አሥራተ ይባላሉ፤ የልዑል ራስ ካሳ የልጅ ልጅ ናቸው። አባታቸውን ራስ አሥራተ ካሳን ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ያለ ፍርድ ከረሸናቸው ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ጋር ገደላቸው። ልጁ ጀርመን ነበሩ፤ እዚያው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 በጀርመንኛ ስለ ሥነ ሥርዓትና ስለ ጨዋነት አንድ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ጀርመኖች ተሻምተው ገዙት። ዘውዱን እ.ኤ.አ. በ1918 ያራገፈ አገር፣ ዘውዱን ካራገፈ ሌላ አገር የመጣ ሰው እንዴት ሰላምታ እንደሚሰጥ እንዲያስተምረው ፈለገ። ይህን ለአባቴ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ሰውዬው ጨዋ ናቸው። እኔ ግን መጽሐፍ አያስፈልገኝም፣ በጉልበቴ ነው የተማርኩት» አለኝ።

ወደ ቢሮው ልመለስ። ወረቀቱ ተፈረመ። በሦስተኛው ቀን ሳይሆን በዚያው ቀን፣ ከምሳ በፊት። ስንወጣ አላናገርኩትም። ታክሲ ውስጥም አላናገርኩትም። ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወርደን (ባሌ ካለው 4,377 ሜትር ተራራ ጋር ስሙ አንድ ነው፤ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፣ የእኛ ግን ያን ያህል አያስመካም) ወደ ብሎካችን ስናዘግም አላስችል አለኝ።

«ለምን አጎነበስክለት?» አልኩት። «የልጅ ልጅህ ብትሆን ቡናዋን እንቢ ትላለህ።»

ቆመ። አባቴ እየሄደ አይናገርም።

«እጅ መንሻ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለኝ።

አውቃለሁ። ድሮ ሰው ጌታ ፊት ሲቀርብ ባዶ እጁን አይቀርብም፤ ሙክት ይሁን ማር ይሁን፣ ያጣ ዶሮም ቢሆን ይዞ ነው። ስሙ እጅ መንሻ ነው። እጅ የምትነሳበት። ሰላምታውና ስጦታው ከአንድ ቃል ነው የተቀዱት።

«አባቴ ለባለመሬቱ ሁለቱንም ይሰጥ ነበር፤ ወገቡንም ዶሮውንም» አለ። «ከፊታችን የነበረው ሰውዬ በወረቀቱ መሃል ምን አጥፎ እንደሰጠ አላየህም። እኔ አይቻለሁ። እኔ ያንን አልሰጥም። ወገቤን ብቻ ሰጥቼ አመለጥኩ።» ቀጥሎም ሳቀ። «ደግሞ በልቤ ያልኩትን አልሰማህም።»

ጄምስ ስኮት የሚባል አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተመው ስለ ጉልበተኞችና ስለ ተገዢዎች የተጻፈ ታዋቂ መጽሐፍ አለው። የሚከፍተው የኢትዮጵያ ነው ባለው ምሳሌያዊ አባባል ነው፦ ታላቅ ጌታ ሲያልፍ ብልህ ገበሬ ለጥ ብሎ እጅ ይነሳል፣ በስተኋላው ግን ድምፅ ሳያሰማ... የቀረውን እናንተ ጨርሱት፤ ይህ ቤተሰብ የሚያነበው ቻናል ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ መምህራችን ሲጠቅሰው ክፍሉ በሙሉ ስቆ ነበር። እኔም ስቄ ነበር። ያ ብልህ ገበሬ ባርኔጣውን ሲያወልቅ ሳየው ግን አላሳቀኝም።

የአባቴ መልስ ግማሹን አሳመነኝ። ግማሹን አላሳመነኝም። ምክንያቱም ልጁ አልጠየቀውም። አባቴ ያጎነበሰው ለልጁ ሳይሆን ለመስኮቱ ነው፤ መስኮቱ ደግሞ የሃምሳ ዓመት አዋጅ ሁሉ አልፎት እዚያው አለ። «ጌታዬ» ቀርቶ «ጓድ» መጣ፣ «ጓድ» ቀርቶ «አቶ» ተመለሰ፤ ጉልበት መሳምም ቀርቷል። በኮሮና ጊዜ መጨባበጥ ሲከለከል ደረታችን ላይ እጃችንን አድርገን እርስ በርስ እጅ ስንነሳ ሰነበትን፤ ልክ ነው፣ ያምር ነበር፤ ሁለቱም ወገን ስለሚያጎነብስ ነው ያማረው። መስኮቱ ፊት የሚያጎነብሰው ግን አንድ ወገን ብቻ ነው።

እስካሁን ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለ። እኔም መስኮት ጀርባ ነው የምሠራው። ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ሌላ ክፍለ ከተማ፤ 11 ዓመቴ ነው። ይህን ጽሑፍ ስጀምር ስለዚያ ልጅ ልጽፍ ነበር፤ ስለ ስልኩ፣ ስለ «ኮፒውስ?» ልጽፍ። በማግስቱ ሥራ ገብቼ ተቀመጥኩና ለመቁጠር ሞከርኩ። እስከ ምሳ ድረስ ብቻ አራት ሰዎች መስኮቴ ፊት አጎነበሱ። ሁለቱ ነጠላቸውን አደግድገው ነበር። ከዚያ በፊት በ11 ዓመት ውስጥ አንድም አላስታውስም። አላየኋቸውማ። እኔም «ኮፒውስ?» እላለሁ። ቃል በቃል።

ለአባቴ አልነገርኩትም። ለልጄም በዚያ ቢሮ የሆነውን አልነገርኳትም፤ አያቷ ለማንም የማያጎነብስ ሰው እንደሆነ ነው የምታውቀው፣ ታስታርቃቸዋለህ ብላ ሚስቴ ብትነዘንዘኝም አፌ አልደፈረም።

ያደረግሁት ነገር ቢኖር አንድ ነው። ባለፈው ሐሙስ አንዲት አሮጊት መስኮቴ ጋ ደረሱ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ወረቀታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ገና ሊጎነብሱ ሲሉ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ቤት እንዳደግሁት። «ኖር!» ልል ነበር፤ አፍሬ ዋጥኩት። ወንበሩ ባለ ጎማ ስለሆነ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ካቢኔቱን መታው። ሰልፉ በሙሉ ቀና ብሎ አየኝ።

ሴትዮዋ ፊታቸው ተለዋወጠ። የመስኮቱን ጠርዝ ያዙ።

«ልትወጣ ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ። «ከሌሊት ጀምሮ ነው የተሰለፍኩት፤ እባክህ አትሂድብኝ።»

«አይ እማማ፣ አልሄድም» አልኩና ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ።