የሐረር አምስቶች

ወደ ሐረር ጀጎል የዘለቀ እንግዳ ቁጥር 5ን ሳያገኝ አይመለስም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር እንዳሠሩት የሚነገርለት ግንብ ጥንታዊ በሮቹ 5 ናቸው፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። ብዙዎች ከእስልምና 5 መሠረቶች ጋር ያያይዟቸዋል። በባህላዊው የሐረሪ ቤት ውስጥም እንግዳ የሚቀመጠው ነደባ በሚባሉ 5 መደቦች ላይ ነው።

ከፈረስ መጋላ ተነሥተን፣ በመኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎች መካከል አልፈን ግድር መጋላ ስንደርስ ግን መደብ ሌላ ትርጉም ይዞ ጠበቀን። አንዲት እናት ብርቱካን አምስት አምስቱን በመደብ አድርገው ይሸጣሉ። አጠገባቸው ልጃቸው የማባዣውን ሰንጠረዥ በዜማ ይወርደዋል። ከመሐል “6 ጊዜ 5 ስንት ነው?” ብለን ስንጠይቀው ዝም አለ። ከ“6 ጊዜ 1” ካልጀመረ አይመጣለትም።

እናቱ አልተቆጡትም። 6ቱን መደቦች አንድ በአንድ በረድፍ ዘረጉና “በል ልጄ፣ ቁጠር” አሉት። “አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት…” እያለ 30 ደረሰ። “አሁን ደግሞ ዞረህ በእኔ በኩል እየው።” ከዚያኛው ጎን ያው ብርቱካን ስድስት ስድስት ሆኖ 5 ረድፍ ነው። ልጁ ሳቀ።

ውድ ወላጆች! በዚህች ትንሽ ሥራ ውስጥ ትልቅ ትምህርት አለ። ከ2 እስከ 9 ያለው ማባዣ 64 ጥያቄ አለው። 6 ጊዜ 5 እና 5 ጊዜ 6 አንድ መሆናቸውን የተረዳ ልጅ ግን የሚያጠናው 36 ብቻ ነው። አምስቱን በደንብ ከያዘ ደግሞ ሌላውን ከእርሱ ያወጣል። 7 ጊዜ 6 ቢጠፋበት፣ 5 ጊዜ 6 ሠላሳ፣ 2 ጊዜ 6 አሥራ ሁለት፣ ድምሩ 42 ነው።

ዜማው መልካም ነው፤ በመድረሳም ቢሆን ሒፍዝ የሚጸናው በመደጋገም ነው። ነገር ግን ትርጉሙን ያልያዘ ቃል ገበያ ላይ ይከዳል። ስለዚህ ከመግሪብ በኋላ ለ10 ደቂቃ ያህል ባቄላ ወይም ጠጠር በረድፍ አስደርድሯቸው። ከመሐል እየዘለላችሁ ጠይቋቸው። “በቀን 5 ሶላት፣ በሳምንት ስንት?” በሏቸው። ሲሳሳቱ አትምቷቸው፤ የፈራ ልጅ ያወቀውንም ይረሳልና።

ነገሩ የፈተና ውጤት ብቻ አይደለም። ቁርኣን ሚዛንና ስፍር የሚያጎድሉትን የሚያስጠነቅቅ ሙሉ ሱራ አለው፤ ሱረቱል ሙጠፊፊን። ሒሳብ የማያውቅ ነጋዴ የሰው ሐቅ ሳያስበው ሊነካ ይችላል፤ የማያውቅ ገዢም የራሱ ይወሰድበታል። የዛሬው ብርቱካን ቆጣሪ ነገ ዘካ የሚያሰላ፣ የየቲም ገንዘብ በአማና የሚይዝ ሰው ነው። አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ይስጣቸው። አሚን።