ደጅ ጥናት በገዛ ቤት

ሊኑክስ የለመደ ሰው ሁሉ አንድ ሰሞን የመግቢያውን ገጽ ሲያሳምር አምሽቶ ያውቃል። ስም ተመርጦ የይለፍ ቃል የሚጻፍበትን ገጽ ማለቴ ነው። አንዱ የላሊበላን ፎቶ ይለጥፍበታል፣ ሌላው ሳጥኑን ብርጭቆ ያስመስለዋል። ነገሩ የጌጥ ጉዳይ ይመስላል። እኛ ቤት ግን የክብር ጉዳይ ሆነ።

አባባ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ትዝታቸውን በአማርኛ እየጻፉ ነው፤ የሚጽፉት ከእኔና ከእህቴ ልጅ ጋር በሚጋሩት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነው። ዓይናቸው ደክሟል። አንዴ ከገቡ በኋላ ችግር የለም፤ ፊደሉን አግዝፌላቸዋለሁ። ችግሩ ደጃፉ ላይ ነው። እዚያ ፊደሉ ደቃቃ ነው፤ ስማቸውን ከሦስቱ መለየት አይችሉም። በየማታው «እስቲ ና ክፈትልኝ» ይላሉ። እኔ ካልመጣሁ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። አንድ ማታ «ለዝውውር ሁለት ዓመት ደጅ ጠንቻለሁ፤ አሁን ደግሞ በገዛ ቤቴ ልጥና?» አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉት። እኔን ግን አላሳቀኝም።

የእኛ ማሽን ዙቡንቱ ነው፤ መግቢያውን የሚያስተናግደው ላይትዲኤም የሚባል ፕሮግራም ነው። ገጹን የሚያሳየው ክፍል ግሪተር ይባላል፤ እንግዳ ተቀባይ እንደ ማለት። ሥራውን የሚጀምረው ማንም ሳይገባ ስለሆነ የራሱ የተለየ መለያ አለው። ልክ እንደ ግቢ ዘበኛ ነው፦ በሩ ላይ ይቆማል እንጂ የማንም ጓዳ ቁልፍ የለውም። አባባ ጓዳ ውስጥ የተስተካከለው ትልቅ ፊደል እሱ ዘንድ የማይደርሰው ለዚህ ነው። በግል ማህደር የተቀመጠ ፎቶም ላይታየው ይችላል፤ ከኡቡንቱ 21.04 ጀምሮ አዲስ የሚፈጠር የተጠቃሚ ማህደር ለሌላው ዝግ ነውና። ለዘበኛው የሚነገረው በራሱ የማዋቀሪያ ፋይል ነው፤ ያን ለመቀየር ደግሞ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ፋይሉ አጭር ነው። ፎቶውን አንስቼ ጥቁር ቀለም ብቻ አደረግሁ። ፊደሉን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ መጠኑን 24 አልኩት። የመለያ ስማቸው በላቲን ፊደል እንዳለ ቆየ፤ ለዓይን የሚታየው ሙሉ ስም ግን በራሳችን ፊደል ሊጻፍ ስለሚችል «አባባ» ብዬ ጻፍኩት። ሰዓቱንም አነሳሁት። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ 20:00 ሲል «ይሄ ደግሞ የየት አገር ዘበኛ ነው?» ይሉ ነበር። የአማርኛ መጻፊያቸው የሚነሣው ከገቡ በኋላ ስለሆነ የይለፍ ቃሉን በቁጥር አደረግነው፤ ረጅም ነው፣ እሳቸው ግን በቃላቸው ይዘውታል።

ቅር ያለው የእህቴ ልጅ ነው። ድሮ ስሙን ሲመርጥ የራሱ የኳስ ተጫዋች ከጀርባ ብቅ ይል ነበር፤ ለአባባ ዓይን ፊደሉን ስለሚውጥ አጠፋሁት። «ሆስፒታል አስመሰልከው እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እሱም የቤቱ ሰው ነው። «ጓዳህን እንዳሻህ አድርግ፤ ደጃፉ ግን የሦስታችንም ነው፤ ዓይኑ ለደከመው ይሁን» አልኩት። በመጨረሻ ቀለሙን እሱ እንዲመርጥ ተስማማን። ጥቁር ሰማያዊ አለ። አባባን ጠርተን አሳየናቸው፤ ቀረብ ብለው ስማቸውን በጣታቸው ነኩ። «ይነበባል» አሉ።

ትናንት አምሽቼ ገባሁ። የጠራኝም የጠበቀኝም የለም። አባባ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይጽፋሉ፤ ሦስተኛውን ምዕራፍ ጀምረዋል። ርዕሱ «ዝውውር» ይላል።