ራጅ ለምታነብ ልጄ

ልጄ ሆይ፣ በስልክ ያልሽኝ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኝ አደረ። በስልክ ልመልስልሽ ብል ነገሬ ይበተንብኛል፤ ስለዚህ በወረቀት ይሻላል አልኩ።

«አባዬ፣ ዶክተር ከሆንኩ በኋላ ገና አምስት ዓመት?» አልሽኝ። አዎ እናቴ፣ አምስት ዓመት ነው። አንዱን ዓመት እንደማንኛውም ሐኪም ዋርድ ውስጥ በሽተኛ ስታክሚ ትከርሚያለሽ፤ አራቱን ዓመት ደግሞ ራዲዮሎጂውን ትማሪያለሽ። ያሳሰበኝ ዓመቱ መብዛቱ አይደለም፤ ያንን የመጀመሪያውን «ምስል ለማንበብ ምን ያደርግልኛል?» ማለትሽ ነው። ጎንደር ተምረሽ፣ ገጠር ወርደሽ በጠቅላላ ሐኪምነት አገልግለሽ፣ የአሜሪካኖቹን ፈተና ሁሉ አልፈሽ ስታበቂ እንደገና ኢንተርን መባል እንደሚከብድሽ አላጣሁትም። ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ነገ ስክሪን ፊት ስትቀመጪ በሽተኛው አጠገብሽ አይኖርም። ሲያቃስት አትሰሚውም፣ ሆዱን ይዞ ሲጎብጥ አታይውም። የሚደርስሽ ምስሉና ያዘዘው ሐኪም የጫራት አንዲት መስመር ናት። ሰዉን በእጅሽ ዳስሰሽ ካላወቅሽው ጥላውን ምን ብለሽ ታነቢዋለሽ? ስለዚህ ያን ዓመት አትናቂብኝ።

አሜሪካ አገር ደግሞ አንድ የማልተኛበት ነገር አለ። እዚህ ብትሆኚ ዶክተር ብለው በራስሽ ስም ይጠሩሽ ነበር። እዚያ ግን የሚጠሩሽ በእኔ ስም ነው። ከሪፖርቱ ግርጌ ዶክተር ተብሎ የሚሰፍረው የእኔ ስም ነው ማለት ነው፤ ዕድሜ ልኩን «ራጁ ሰውዬ» ሲባል የኖረው ሰው! ደስ አይለኝም አልልሽም፤ በጣም ነው ደስ የሚለኝ። ነገር ግን ይህ ስም ካንቺ በፊት የአያትሽ ልጅ ስም ነው፤ ማንም ሳይሰደብበት እዚህ የደረሰ ስም ነው። ሪፖርት ፈርመሽ ከመላክሽ በፊት እሱን አንድ ጊዜ አስቢው።

ስለ ስም ካነሣሁ አይቀር፣ በእኔ ጊዜ ፊልም የሚታጠበው በእጅ ነበር። ጨለማ ክፍል ውስጥ በቀይ መብራት እናጥብና ፊልሙ ውኃው እየተንጠባጠበ በመያዣው ይሰቀላል። አንድ ቀን ሁለት ፊልሞች ጎን ለጎን ተሰቅለው ነበር፤ የሁለቱም በሽተኞች የራስ ስምና የአባት ስም አንድ ነው። አንደኛው ሽማግሌ ጎኑን ወድቆ የመጣ፣ ሁለተኛው ሳል የያዘው ወጣት። አስታማሚው እየተጣደፈ የወጣቱን ፊልም ለሽማግሌው ሊወስድ ሲል «የአያት ስም?» ብዬ ያዝኩት። ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ፊልም ባነሣሁ ቁጥር መጀመሪያ ስሙን፣ ቀጥሎ የቀኝና የግራ ምልክቱን፣ ከዚያ ቀኑን ሳላይ አጥንቱን አይቼ አላውቅም። አሁን ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ ይሠራልሻል ይሉኛል። ይሥራ፤ አንቺ ግን እይው።

ሰፌድ ይዛ ምስር የምትለቅመውን እናትሽን አስታውሺ። አንድ ጠጠር ስታገኝ «ተገኘ» ብላ ሰፌዱን አታስቀምጥም፤ እንደገና ከዳር ትጀምራለች። በናንተ ሙያ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን ስብራት አግኝቶ ደስ ሲለው ሁለተኛው ያመልጠዋል። በ2013 የወጣ አንድ ጥናት አለ፤ ያጫወትሽኝ አንቺው ነሽ። 24 የራዲዮሎጂ ሐኪሞች በሳንባ ሲቲ ስካን ላይ ዕጢ እንዲፈልጉ ተሰጣቸው፤ ምስሉ ውስጥ የጎሪላ ሥዕል ተደብቆበታል፤ ያውም ከሚፈልጉት ዕጢ 48 እጥፍ የሚበልጥ። 20ዎቹ አላዩትም። እናትሽ ይህን ሰምታ እስከ ዛሬ ትስቃለች። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ብዙዎቹ ዓይናቸው ጎሪላው ላይ እንዳረፈ መሣሪያው መዝግቧል ስላልሽኝ ነው። ዓይን ብቻውን አያይም ማለት ነው። ስለዚህ ምንም ቢያጣድፉሽ ቅደም ተከተልሽን አትልቀቂ፤ የሳንባውን ጫፍ፣ ከልብ በስተጀርባ ያለውን፣ ከድያፍራም በታች፣ ትከሻውን ሳይቀር።

ስለ ሳንባ ጫፍ ሌላም ልንገርሽ። እኛ ዘንድ እዚያ ላይ ጥላ ሲታይ መጀመሪያ የሚታሰበው ቲቢ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ነው። እዚያ ደግሞ መጀመሪያ ሌላ ያስባሉ። የለመድሽውን ይዘሽ አትሩጪ፤ የነሱንም ሰምተሽ የራስሽን አትጣይ። ያየሽውን «አይቻለሁ» በይ፣ ያላየሽውን አትጨምሪ፣ የተጠራጠርሽውን መጠራጠርሽን ጻፊ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የተጻፈውማ እንዴት ይሆን!

የሌሊቱን ዲዩቲ በሚመለከት፣ 12 ወር ራዲዮሎጂ ሳትማሪ ብቻሽን ሌሊት እንደማያቆሙሽ ነግረሽኛል። ደግ ሥርዓት ነው። 12 ወሩ ሲያልቅም ቢሆን ከተጠራጠርሽ ሲኒየርሽን ቀስቅሺ። ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ። በይሉኝታ ዝም ብሎ ካደረ ሰው ተቆጥቶ የተነሣ ሲኒየር ለበሽተኛው ይሻላል። እኛ ቤት ይሉኝታ አስተምረንሻል፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን አያስፈልግሽም።

ቁጥሮቹም አያስመርሩሽ። ማሞግራም ለማንበብ ሦስት ወር መሠልጠን፣ ደግሞም በስድስት ወር ውስጥ ቢያንስ 240 ምርመራ በአስተማሪ ሥር ማንበብ፤ ይህ ከ1992ቱ የማሞግራም ጥራት ሕግ የመጣ ነው። ለኑክሌር ሕክምናው ደግሞ 700 ሰዓት። ከዚያ ከሦስት ዓመት ሥልጠና በኋላ የራዲዮሎጂ ቦርዱ ትልቁ ፈተና አለ፤ አንቺ የምትሸሺው ፊዚክስም እዚያው ውስጥ ነው። ከጨረስሽ በኋላ የሚመጣው ማረጋገጫ ፈተና ከ2028 ጀምሮ በቃል ሊሆን ነው አሉ፤ ቀድሞም በቃል ነበር፣ ወደ ኮምፒውተር ወስደውት አሁን መለሱት። እኔ ወድጄዋለሁ። ሰው ፊት ቆሞ «ለምን እንዲህ አልሽ?» ሲባል የሚመልስ ሐኪም ነው የማምነው። ቦርዱ ራሱ ከ1934 ጀምሮ ያለ ነው፤ ይህን ሁሉ ዘመን የቆየ ሰው የሚያስፈራውን ነገር ሳያውቅ አይቀርም።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። በዚህ ሙያ ጥሩ ይከፈላል ይባላል፤ ይከፈልሽ። ሮንትገን ግን በ1895 ጨረሩን ሲያገኝ በስሙ ፓተንት አላወጣበትም፤ የኖቤል ሽልማቱንም ገንዘብ ለዩኒቨርሲቲው ሰጠ። አንቺን እንደሱ ሁኚ አልልሽም፤ የታናሽ ወንድምሽን የትምህርት ክፍያ አውቃለሁና።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። ጀርመን አገር ሐምቡርግ ውስጥ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በተባለ ሆስፒታል ግቢ፣ በ1936 የቆመ ሐውልት አለ። ጨረሩ የገደላቸው የሐኪሞች፣ የነርሶችና እንደኔ ያሉ ሠራተኞች ስም ነው የተጻፈበት፤ ሲቆም 169 ስም ነበረው። ጊዮርጊስ መሆኑ ነው መሰል ከልቤ አይጠፋም። እኛ ዘንድ የጨረር መለኪያ ባጅ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ እኔ ተርፌያለሁ፣ ሁሉም ላይተርፍ ይችላል። አንቺ ባጅሽን ካፖርትሽ ላይ ረስተሽ አትግቢ፣ ሌድ ኤፕረኑንም ከበደኝ አትበዪ። ደግሞም፣ እናትሽ ጻፍላት ብላኝ ነው እንጂ እኔስ አፍራለሁ፣ እግዚአብሔር ፈቅዶ ያረገዝሽ እንደሆን ለኃላፊው በጽሑፍ አስታውቂ። ካላስታወቅሽ የሚቆጥሩልሽ እንደማንኛውም ሠራተኛ ነው፤ በዓመት እስከ 50 ሚሊሲቨርት። ካስታወቅሽ ግን ለፅንሱ በጠቅላላው የእርግዝና ጊዜ ከ5 እንዳያልፍ መጠበቅ ግዴታቸው ይሆናል። ይሉኝታ እዚህም ላይ አያስፈልግም።

በርበሬና ሽሮ በአክስትሽ ልጅ በኩል ልከናል፤ ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እንዳይይዙባት እናትሽ በደንብ አሽጋዋለች። ሰኔ መጨረሻ ሥራ ስትጀምሪ በመጀመሪያው እሑድ ደውዪልን፤ የደከመሽ ከሆነ ሰኞም ይሆናል።

አባትሽ፣
ደሴ